ጣቶች የሚያውቁት መስተዋድድ

የእንግሊዝኛን መስተዋድድ የተማርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ እንግሊዝኛ ከማያውቁ ሴት ነው። ይህን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ አብዛኛው ይስቃል፤ እኔም ሳቁን አስጨርሼ እቀጥላለሁ። በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ነገሩ በሌላ መልክ ተጽፎ ይገኛል፤ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም አልተስተካከለም። የመንግሥትን መዝገብ ማረም አልችልም። የራሴን ጽፌ ማስቀመጥ ግን ማንም አይከለክለኝም።

ጊዜው የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው ነገር ወደ ወረዳ የወረደበት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ሃያ ዓመት የተቀመጠበትን ወንበር እንደ አዲስ ተወዳድሮ እንዲይዝ ታዘዘ። ፈተና አለ፣ የሥራ ልምድ ይታያል፣ በመጨረሻም የሥራ ባልደረቦች ተሰብስበው የሚሰጡት የአመለካከት ነጥብ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሰው ይደለደላል። ወንበሩን ያጣ ሰው ከሥራ አይባረርም፤ ክፍት ቦታ ወዳለበት ይላካል። እኛ ዘንድ ክፍት ቦታ የሚባለው ወደ ግሼ በኩል ያሉት የገጠር ጣቢያዎች ነበሩ።

እኔ በመንዝ ደጋ ባለች አንዲት ከተማ፣ በእርሻው ዘርፍ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነበርኩ። ባለቤቴ በዚያችው ከተማ መምህርት ናት። እናቷ ከአልጋ ከዋሉ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር፤ ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ከእኛ ሌላ የሚያገላብጣቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለእኔ ድልድሉ የወንበር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ማስታወቂያው በተለጠፈ ዕለት ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር አጠቃለለችው፦ «እኔ እናቴን ጥዬ አልሄድም፣ እናቴም አልጋዋን ጥላ አትሄድም፤ አንተ ወንበርህን ያዝ።»

ወንበሬን የሚያሰጋው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሥራዬ ከየቀበሌው የሚመጣውን አኃዝ አመሳክሬ እጽፋለሁ፤ የተሠራውን እርከን፣ የጸደቀውን ችግኝ፣ በግ የተሰጣቸው አባወራዎች በጎቹን ምን እንዳደረጓቸው። በአማርኛዬ ማንም ጣት ቀስሮብኝ አያውቅም። ለእርዳታ ሰጪዎች በየሩብ ዓመቱ የሚላከው ሪፖርት ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ የድልድሉም ፈተና በእንግሊዝኛ እንደሚሆን ተነግሮናል።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ ሳምንት ሳይሞላው፣ አንድ የኅዳር ጠዋት፣ የላክሁት ሪፖርት ከዞን ተመልሶ መጣ። ከገጹ እስከ ገጹ ቀይ ቀለም ለብሷል። እንደያዝኩት ወደ ታይፒስቷ ክፍል ገባሁ፤ እንደገና መመታት ነበረበትና። ታይፒስቷ ከእኔ አምስት ዓመት የሚበልጡ፣ አንድ ዓመት ግድም ለጡረታ የቀራቸው ሴት ናቸው። ከፊታቸው ሁለት የጽሕፈት መኪናዎች አሉ፤ የአማርኛው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የእንግሊዝኛው እኔ ካልመጣሁ በቀር በጨርቅ ተሸፍኖ ይውላል። ውርጭ የጣለበት ጠዋት ስለነበረ እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁ ነበር። ወረቀቱን ሲያዩ አወጧቸው።

«ውይ! በግ አረዱበት እንዴ?»

«ዞን አርሞት ነው፣ እትዬ።»

«ይህ ሁሉ?»

«ይህ ሁሉ።»

በመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ በአማርኛ አንዲት አስተያየት ተጽፋ ነበር፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «በአማርኛ ታስቦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ» ትላለች።

«ታዲያ በምን ላስብ ኖሯል?» አልኩ።

«የገብስ ቆሎ እየቆረጠመ በምን ያስብላቸው!» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያችን አስተያየት የጻፈው ሰው እኔን ያዋረደኝ መስሎት ነበር። እኔ ደግሞ በአማርኛ በማሰቤ ያን ዕለትም አላፈርኩም፣ ዛሬም አላፍርም። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ቋንቋዎች የት ላይ እንደሚለያዩ በትክክል ማወቅ። ተቀምጬ ቀዩን ቀለም መረመርኩት። ረጃጅሞቹን ቃላት፣ መዝገበ ቃላት ገልጬ ያገኘኋቸውን፣ አልነካቸውም። የመታቸው ትንንሾቹን ነው፤ ከግሱ ኋላ የሚመጡትን፣ «ኦን»፣ «ኢን»፣ «አት»፣ «ፎር» የሚባሉትን።

ታይፒስቷ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ቀይ መስመር በጣታቸው ነኩት። ገበሬዎች በእርከን ሥራ ላይ ተሳትፈዋል ለማለት «ፓርቲሲፔት ኦን» ብዬ ነበር።

«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ። «ያኔም ስመታት ጣቴ እምቢ ብሎኝ ነበር።»

«እምቢ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እምቢ ነዋ! ፓርቲሲፔት ብዬ ስጨርስ ወደ ኢን ሊሄድብኝ፤ እሱ የጻፈው ኦን ነው ብዬ በግድ መለስኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔ ምን አውቄ? የተማርከው አንተ፤ እኔ ገልባጭ ነኝ።»

ነገሩን የተረዳሁት ቀስ ብዬ ነው። እኚህ ሴት ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከመምጣታቸው በፊት፣ በድርቁ ዘመን፣ መርሐቤቴ ውስጥ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጋር ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ፈረንጆቹ በእጃቸው የሚጽፉትን ደብዳቤና ሪፖርት ከጠዋት እስከ ማታ በመኪና ሲገለብጡ ኖረዋል። ምን እንደሚል አያውቁም። «ትርጉሙን ጌታ ይወቀው፣ እኔ ፊደሉን ነው የማውቀው» ይላሉ። ነገር ግን አንድ ግስ ሺህ ጊዜ ሲመታ፣ ተከታዩም ሺህ ጊዜ አብሮት ሲመታ፣ ጣት መንገዱን ይለምደዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ከወፍጮ ቤት ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አህያ፣ የእሳቸውም ጣቶች ከግሱ ወደ መስተዋድዱ በራሳቸው ይሄዱ ነበር።

ለማረጋገጥ አንድ ወረቀት አስገቡና እኔ ግስ እጠራ ጀመር።

«ሰፈር» አልኩ። እኔ በድርቅ ተሠቃዩ ለማለት «ሰፈር ባይ» ስል ኖሬያለሁ፤ በአማርኛ «በ» ነውና። ጣቶቻቸው አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ። ወረቀቱን አየሁት፦ «ፍሮም»።

«ዌት።»

«ፎር» መጣ። እኔ ደግሞ ገበሬውን ጠበቅነው እንደምንለው ግሱን ያለ ምንም ነበር የማስቀምጠው።

«ላፍ።»

«አት።»

«ይህስ አይሆንም» አልኩ። «ሰው ሲስቅብኝ ሳቁ በላዬ ላይ ነው የሚወድቀው። ኦን ነው መሆን ያለበት።»

«ከጣቴ ጋር ልትከራከር ነው?» አሉኝ። «ሂድና ከፈረንጁ ጋር ተከራከር።»

ከዚያ «ዲስከስ» አልኩ። ጣቶቻቸው ቃሉን ጨርሰው ክፍተት የሚያስገባውን ረጅሙን ቁልፍ አንድ ጊዜ መቱና ቆሙ። ጠበቅሁ።

«ቀጥሎስ?»

«ምንም የለም። ዝም አሉ።»

«አባውት ነው እኮ የሚከተለው፤ ስለ ነገሩ ተወያየን ስንል።»

«ዝም ብለዋል አልኩህ። ያለ ነገር ዝም አይሉም።»

በዚያ ሪፖርት ውስጥ «አባውት» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ቦታ ላይ በቀይ ተሰርዞ ነበር፤ ያን ጊዜ ቆጠርኩት። እኛ ስለ ነገር ሳንል መወያየት አንችልም፤ እነሱ ግን ነገሩን ራሱን ይወያዩታል። ይህን የነገረኝ መምህርም መጽሐፍም አልነበረም። ሃያ ዓመት የተሳሳትኩትን የነገሩኝ በብርድ የተሰነጣጠቁ አሥር ጣቶች ናቸው።

በሻይ ሰዓት እንድንሠራ ተስማማን። አንድ ችግር ብቻ ነበር። እኚህ ሴት ዕውቀታቸው መኪናው ላይ ካልተቀመጡ አይወጣም። አንድ ቀን በኮሪደሩ ሲያልፉ አስቁሜ ስለ አንድ ግስ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በአየር ላይ አንቀሳቀሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ አላውቀውም። መኪናው ዘንድ ና።» ስለዚህ ሌላው ሠራተኛ ሻይ ቤት ሲሄድ እኛ እዚያች ክፍል እንቀመጣለን። ጥቂት የገብስ ቆሎ በወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ እጠራለሁ፤ እሳቸው ይመታሉ፤ እኔ እመዘግባለሁ።

ለአመዘጋገቡ ዘዴ የሰጠኝ የራሴው ሥራ ነው። በአገራችን አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በእርሻ ወራት አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ በየተራ የሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ። መቀናጆ እንለዋለን። ማን ከማን ጋር እንደተቀናጀ በየቀበሌው እንመዘግብ ነበር። እኔም ግሱን በግራ ዓምድ፣ ተቀናጁን በቀኝ አስቀመጥሁ። «ሊስን» ከ«ቱ» ጋር፣ «ኮምፕሌይን» ከ«አባውት» ጋር፣ «ኮንሲስት» ከ«ኦፍ» ጋር። ሁሉም የሚፈልገው ጠንካራ በሬም አለ፦ «ሉክ» ዛሬ ከ«አት» ጋር ያርሳል፣ ነገ ከ«ፎር» ጋር፣ ከነገ ወዲያ ከ«አፍተር» ጋር፤ በየጊዜውም ሌላ ማሳ ነው የሚያርሰው፤ አንዴ ማየት፣ አንዴ መፈለግ፣ አንዴ መንከባከብ ይሆናል። ማሳውን የማወቁ ሥራ የእኔ ነበር፤ ታይፒስቷ ማን ከማን እንደሚጠመድ እንጂ ምን እንደሚታረስ አያውቁም። በዚህ ሁኔታ ክረምቱ እስኪገባ ሠራን። ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ቀን ሩብ ሰዓት ያህል፣ ሌላውን ቀን ከዚያ ባነሰ፣ የሻይ ሰዓቱ አልፎብናል። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በዚህ መካከል የሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ወደ ዞን ሄደ። አልተመለሰም። ለፈተናውም ተቀመጥኩ፤ ግማሹ ያህል ባዶ ቦታ ሙላ ነበር፤ ባዶው ቦታ ሁሉ ከግስ ኋላ ነበር። ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ የእኔ ስም ከላይ ነበረ። ታይፒስቷ ከሰሌዳው ሥር ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ዘወር ብለው ጣቶቻቸውን አሳዩኝ። «እነዚህም ይጻፉ ነበር!»

የቀረው የአመለካከት ነጥብ ብቻ ነበር።

ግምገማው ከመጀመሩ ሁለት ቀን አስቀድሞ ኃላፊያችን ቢሮው አስጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ በግል ጠባዩ ክፉ ያልነበረ ሰው ነው። በኋላ እንደሰማሁት ለእኔ ወንበር ከላይ የታሰበ ሌላ ሰው ነበር፤ ያን ዕለት ግን አላወቅሁም።

«ጋሼ፣ ፈተናዎን አይተነዋል፤ ጎበዝ» አለኝ። «አንድ ነገር ግን ተነሥቷል። በሥራ ሰዓት ከታይፒስቷ ጋር መኪና ሲነካኩ ይውሉ ነበር ይባላል።»

«በሻይ ሰዓት ነው። ሁለት ጊዜ አልፎብናል።»

«እኔ አምናለሁ። መድረኩ ግን የሚፈልገው ግለ ሂስ ነው። ይነሡና፣ ከማይመለከታት ሠራተኛ ጋር ጊዜ አባክኛለሁ፣ ወደፊት አይደገምም፣ ይበሉ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ነጥብዎን ሞልተን ወንበርዎን እናጸናለን።»

«እሳቸውስ ምን ይሆናሉ?»

«የታይፒስትነቱ መደብ እንደሁ ሊታጠፍ ነው፤ ኮምፒውተር እየመጣ። መዝገብ ቤት እንመድባቸዋለን። ይህ ከተባለ ግን . . . ያው በእሳቸውም ላይ ይመዘገባል።»

«በጡረታቸው ዋዜማ።»

«ጋሼ፣ አናክብደው።»

ወጣሁ። ባለቤቴ ስነግራት የእናቷን ትራስ ስታገላብጥ ቆየችና፣ «አንተ የምትለውን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ የማውቀው ቤት የምትመለሰው በየቀኑ እንደሆነ ነው» አለች። የምትለው ገባኝ። ከዚያ በላይ ግን አልገፋችኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ግምገማው በአዳራሹ ሆነ። ሠራተኛው ሁሉ በአግዳሚ ተቀምጧል፤ ኃላፊው ከፊት፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ከጎኑ። ያን ዘመን ያላየ ሰው እንዲገባው ያህል፣ ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፦ ሰው በየተራ ይነሣል፣ ሌሎች ጥፋቱን ይዘረዝሩለታል፣ እሱም «ሂሴን ውጫለሁ» ብሎ ይቀመጣል። የመዋጡ ነገር ከጥፋቱ ይልቅ ይታይ ነበር። ጥፋት ያለበትና የዋጠ ሰው፣ ጥፋት ከሌለበትና ካልዋጠ ሰው የተሻለ ነጥብ ያገኛል።

ተራዬ ሲደርስ አንዱ ተነሥቶ፣ «ሻይ ጠጥተን ስንመለስ የእንግሊዝኛው መኪና ሲንኳኳ እንሰማ ነበር» አለ። ሌላው ቀጠለ፦ «ሪፖርቱን የሚጽፈው ባለሙያው ነው ወይስ ታይፒስቷ? እኛ እስካሁን አልለየንም።» አዳራሹ ሳቀ። ታይፒስቷ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ እጆቻቸው ነጠላቸው ውስጥ ነበሩ።

«ግለ ሂስዎን ያውርዱ፣ ጋሼ» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ውስጥ ልመና ነበረበት።

ተነሣሁ። «ሁለት ጊዜ የሻይ ሰዓት አሳልፌአለሁ። አንዱን ቀን ሩብ ሰዓት፣ ሌላውን ቀን ከዚያ ያነሰ። ይህንን ሂስ ውጫለሁ።»

«ጥሩ። ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ የለም።»

«ጊዜ ከማባከኑ ጋር በተያያዘስ?»

«አላባከንኩም። ጥያቄውን ያነሣው ወንድሜ ትክክል ነው፤ ግማሹን ሪፖርት የጻፉት እሳቸው ናቸው። ሃያ ዓመት ስሳሳት የኖርኩትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፈተናውን ያለፍኩት በእሳቸው ነው። ይህንን ስህተት ነው ብዬ እዚህ መድረክ ፊት ብናገር እዋሻለሁ። የዋሸሁትን ደግሞ መዋጥ አልችልም።»

አንድ ሰው ከጎን፣ «ሃምሳ አራት ዓመትህ እኮ ነው፤ ለምን ፈለግኸው?» አለ። «ስላልቻልኩት» ብዬ ተቀመጥኩ። የሳቀ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ቀረበ። ሠራተኛው ሳያነብ ይፈርማል፤ እኔ አነበብኩ። በእኔ ስም ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፦ «ከማይመለከታት ሠራተኛ ጋር የመንግሥትን የሥራ ጊዜ በማባከን ጥፋቱን አምኗል።»

«ይህን አላልኩም» አልኩ ለጸሐፊው።

«ሐሳቡ ያው ነው፣ ጋሼ። ፈርሙና እንገላገል፤ ሰው ተሰልፏል።»

«ሐሳቡ ያው አይደለም።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ሠላሳ ዓመት ያህል ሰነድ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያች መስመር ከእኔና ከታይፒስቷ በኋላ እንደምትኖር አውቅ ነበር። በመንግሥት ሥራ ውስጥ ለሠራተኛ የተረፈለት አንድ ትንሽ በር አለ፤ በቃለ ጉባኤ ያልተስማማ ሰው የልዩነት ሐሳቡን ጽፎ ይፈርማል። ብዙ ሰው መኖሩን ያውቃል፤ ሲገባበት ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ከፊርማው ቦታ በላይ ባለው ክፍት መስመር፣ በማይቸኩል እጅ ጻፍኩ፦ «የሻይ ሰዓት ማለፉን ያመንኩት ትክክል ነው። የቀረው አልተባለም። ጊዜው አልባከነም፤ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። በልዩነት ፈርሜያለሁ።» ቀኑንና ሙሉ ስሜን አስከተልኩ።

ጸሐፊው አነበበና ዓይኑን ወደ ኃላፊው ቢሮ ላከ። «ይህ ያስጎዳዎታል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ። ቀጥሉ፤ ሰው ተሰልፏል።»

ድልድሉ ወጣ። የአመለካከት ነጥቤ ወርዶ ሁለተኛ ሆንኩ፤ ወንበሩ አንድ ነበርና ወደ ግሼ ተመደብኩ። ታይፒስቷ መዝገብ ቤት ገቡ። የእንግሊዝኛው መኪና በጨርቁ እንደተሸፈነ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረደ።

ልሰናበታቸው መዝገብ ቤት ስገባ የጠበቅሁትን አላገኘሁም። ተቆጥተው ነበር።

«አንተ ሞኝ ሰው!» አሉኝ። «አጥፍቻለሁ ብለህ ብትገላገል ምን ነበረበት? እኔ እንደሁ ነገ ጡረታ ነኝ። ስሜን አነሡትም ጣሉትም ምን ይመጣብኛል? ሚስትህን ከታመመች እናቷ ጋር ጥለህ ትሄዳለህ?»

«እትዬ፣ እርስዎን ጥፋት ብዬ አልጽፍም።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ፋይሎቹን ማስተካከላቸውን ቀጠሉ። አንዱን ከዚህ አንሥተው እዚያ፣ ከዚያ አንሥተው እዚህ አደረጉ። «ሰው መክሮ መመለስ የሚባል ነገር በመንዝ ቀርቷል» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለፋይሉ አልለየሁም። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ባና ያዝ። ግሼ ከዚህም ይብሳል» አሉኝ።

ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባናዬን፣ ያዝኩ። የተመደብኩባት ጣቢያ ከራቤል ወዲያ ነበረች፤ የጓሳው ነፋስ ቆርቆሮውን ሌት ተቀን ያስጮኸዋል። ሥራው ያው አኃዝ መሰብሰብ ነበር፤ ሪፖርቱ ግን በአማርኛ ብቻ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በገብስ ጆንያ ላይ ተጭኜ በአይሱዙ ወደ ቤት እመጣለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ። ከባድ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። አማቴ ያረፉት እኔ በሌለሁበት ሰሞን ነው፤ የደረስኩት ለሣልስቱ ነው። ባለቤቴ በዚያ ቀን ያየችኝን አስተያየት ማንም ቃለ ጉባኤ አይችለውም።

በሁለተኛው ዓመት ግድም ስልክ ተደወለ። አውታረ መረቡ የሚይዘው ከጣቢያው በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ብቻ ስለነበረ፣ ሰው መጥቶ ጠርቶኝ ወጥቼ ነው ያነጋገርኩት። ኃላፊው ነበር።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ እንዴት ነው?»

«እንደ ብርድ ነው። ምን ነበረ?»

«የእንግሊዝኛው ሪፖርት ሦስት ጊዜ ተመለሰብን። አዲሱ ልጅ ዲግሪውን ይዟል፣ ግን . . . ያችን ነገር ያውቋታል።»

«አውቃታለሁ።»

«እንግዲህ ለጊዜው በውሰት እናምጣዎት ብለን ነው። ሪፖርቱን እየሠሩ ቤትዎ ይሆናሉ።»

ቤትዎ የሚለውን ቃል ሲል ልቤ እንዳልተነሣ አላስመስልም። ነፋሱ ጋቢዬን ከትከሻዬ እየገፈፈው ነበር።

«ውሰት የዕቃ ነው» አልኩት። «እኔ ድስት አይደለሁም። የምመጣው ያች የቃለ ጉባኤ መስመር ስትስተካከል ነው። ጊዜ ባክኗል የሚለው ይሰረዝ፤ የሚጽፈውን የተማረው ከታይፒስቷ ነው ተብሎ ይግባ። ያን ጊዜ በደብዳቤ ጥሩኝ፤ ቁጥርና ቀን ባለው።»

«ጋሼ፣ ያለፈ ቃለ ጉባኤ እንዴት ተደርጎ ይስተካከላል?»

«እንደተጻፈው። በእጅ።»

«ሪፖርቱ የወረዳው ሕዝብ ነው እኮ።»

«መዝገቡም የወረዳው ሕዝብ ነው።»

«እንግዲያው እዚያው ይክረሙ!» አለና ዘጋው።

ከረምኩ። ስድስት ክረምት ከረምኩ፤ ጡረታዬን ያስከበርኩትም ከዚያው ነው። ከዚያ ስልክ በኋላ በነበረው ዓርብ ቤት ገብቼ የሆነውን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። ካሁን ካሁን ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣችም። ከዚያ ወዲያ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ጭቃዬን ከደጃፉ ላይ ሳራግፍ፣ ከምንም ሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ሆነ።

«ደብዳቤው መጣ?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው እዚያው ክረም» ትለኛለች፤ የሞቀውን ሽሮ ወደ እኔ እየገፋች። «አሁን ግን ብላ።»